ባዶው ቀለህ

“ወጣች” አለች ጆሊን ዓይኗን ከአቅርቦ ማያ መነጽሩ ሳታነሳ። “ጥይቷ ከጥቁሩ ክብ ወጥታ ግራ ጥግ ላይ አርፋለች፣ አባባ።”

“ባሩዱ ነው” አለ ዌንደል። “ድሮም ይሄን ባሩድ አላምነውም።”

“የቅድሙንም እንዲሁ ብለኸው ነበር።”

“የቅድሙም አይረባም። ታዲያ ምን ላድርግሽ?”

ከመጋዘኑ ጀርባ ነው የተቀመጡት። ስድስት ጎራሹን ሪቮልቨር ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ በአሸዋ ከረጢት አስደግፎታል። ጥይቶቹን ሳምንቱን ሙሉ ራሱ ነው የሠራቸው፤ ባሩዱን በሚዛን እየለካ፣ በየቀለሁ እየጨመረ፣ አረሩን ከላይ እየገጠመ። አሁን የትኛው የባሩድ ልክ ጥይቶቹን አንድ ቦታ ላይ እንደሚሰበስብ እየፈተነ ነው። እሷ ቀለሁን ታራግፋለች፣ አዲሱን ታጎርሳለች፣ በመነጽር አይታ የት እንዳረፈ ትነግረዋለች። እሱ ጥቁሩን ክብ አሳምሮ ያየዋል፤ የጥይቱን ቀዳዳ ግን ከዚህ ሆኖ አይለየውም።

ዛሬ የሚፈተነው ግን ባሩድ ብቻ አይደለም። ውሉን ያመጣው ራሱ ነው፣ ትናንት እራት ላይ። “አንድ ዙር ጥይት በመዳፌ ልክ ከሰበሰብኩ ሂጂ፣ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ። ከተበተነብኝ ግን፣ ድብ በሚዞርበት ሸለቆ መተኮስ የተሳነው ሽማግሌ ጥለሽ አትሄጂም” አላት። እሺ አለች። ምን ትበል? እናቷ ከሞተች ጀምሮ፣ ዛሬ ነገ ስትል፣ ጎልማሳነቷ እዚሁ ሸለቆ ውስጥ አለቀ። ፍቅረኛዋ ራስል ሚዙላ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይጠብቃታል። “በረዶው መንገዱን ሳይዘጋ ካልመጣሽ፣ ሁለተኛ አልለምንሽም” ብሏታል፤ ራስል ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። የተራራው አናት ዛሬ ነጭ ሆኖ ነው ያደረው።

ሁለት ዙር ተተኩሶ ሁለቱም እንደ ተዘራ እህል ተበትኗል። እጁ ከድቶት ይሆን? ከሆነማ አበቃላት፤ ሻንጣዋን ፈትታ ልብሷን ወደ ቁም ሳጥኗ ትመልስ።

ልጅ ሳለች ተኩስ ያስተማራት እሱ ነው። ከጥይቶቹ መሀል አንድ የተተኮሰ ቀለህ ይደብቅባት ነበር። የሚፈራ ተኳሽ፣ ባዶው ላይ ሲደርስ፣ ጥይት ሳይወጣ አፈሙዙ ቁልቁል ይደፋል። ያኔ ነገሩ ከእጁ ይሁን ከጥይቱ ይታወቃል።

ጀርባዋን ሰጥታው አጎረሰች። አምስት ደህና፣ አንድ ባዶ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ እሷ ለዚህ ሆድ ለባሰው ሰው ሽጉጥ አቀበለችው።

የመጀመሪያው ጮኸ፤ ቀኝ ጠርዝ ላይ አረፈ። ዌንደል እንደ ልማዱ አጉረመረመ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ምላጩን ሳበ።

ቀጭ።

አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም። የሰባ ዘጠኝ ዓመት እጅ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ድንጋይ!

“እንዳትነቃነቅ” አለች። ጎንበስ ብላ ጉንጯን ከጉንጩ አስጠግታ፣ እሱ በሚያይበት በኩል አነጣጥራ አየች። ማነጣጠሪያው የወረቀቱ ላይኛ ጥግ ላይ ነው። ጥቁሩ ክብ ከዚያ ወዲያ፣ አንድም ሳይነካው፣ በሰላም ተቀምጧል።

“አባባ! ሆን ብለህ ነው የምትስተው!”

“ባዶ ቀለህ ደበቅሽብኝ?”

“አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?”

“ወይ ጉድ፣ ሌባ አሳድጌያለሁ።”

“ሌባማ አሳደገኝ!”

ደሟ ፈላ። እሷ እዚህ ለእጁ ስትሳቀቅ፣ እሱ ዕድሜዋን አነጣጥሮ ሲያባክን! ለምን ይደበቃል፣ ደስም አላት። ያዘችው። አሁን በሩን ጓ አድርጋ ዘግታ፣ ዞር ብላ ሳታይ ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም።

ዌንደል ወደ ዒላማው ዞረ፣ ክርኑን አደላደለ። ተኮሰ። እንደገና ተኮሰ። አራቱን ሳይቸኩል ተኮሳቸውና ሽጉጡን አስቀመጠ።

“ንገሪኛ” አለ።

በመነጽሩ አየች። ጥቁሩ መሀል ላይ አንድ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ አለ። በአውራ ጣቷ ትሸፍነዋለች።

“አራቱም አንድ ላይ ናቸው።”

“እንግዲያው ጥሩ ጥይት ነው የሠራሁት።” ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። የጆሮ መሸፈኛውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረው። “ድቡን አይደለም እኮ የምፈራው፣ ጆ። ድብ መጣ ሄደ። ምሽቱን ነው። እናትሽ የሞተች ሰሞን፣ አንቺ ሳትመጪ በፊት፣ የሰው ድምፅ ልስማ ብዬ ራሴን በስሜ እጠራ ነበር። ይኸው ነው። አሳፋሪ ነገር ነው፣ ግን ይኸው ነው።”

ጆሊን መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ልክ አልሠራሁም” አለ። “ውል ውል ነው፣ ትሄጃለሽ። እኔው እስከ አውቶቡሱ አደርስሻለሁ። መቼ ነው?”

ዋሽቶ ቢቀር ኖሮ ንዴቷ ይዟት ይሄድ ነበር። እውነቱን ተናግሮ ንዴቷን ቀማት፤ ያለ ንዴት ደግሞ ከዚህ ሸለቆ እንዴት እንደሚወጣ አታውቅም። የምትሄድበት ቀን ሐሙስ ነው። ቲኬቱን ቆርጣ ጨርሳለች፣ ራስልም ያውቃል። አባቷ ፊቷን እያየ ይጠብቃል። አፏን ከፈተች፤ ሐሙስ የምትለው ቃል ግን እንደ ባዶው ቀለህ ሳትጮህ ቀረች።