በፍሬን የሚበራ ስም

መብራት ሠሪው ምንተስኖት መቁረጫውን ወደ ሽቦው ሲያስጠጋ ሹፌሩ ጋሼ ይታየው ክንዱን ያዙት። በሚሌኒየሙ ሰሞን በሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ የልጃቸውን ስም «የትምወርቅ» ብሎ በቀያይ ኤልኢዲ የጻፈው፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር እንዲበራም ያደረገው እሱ ነው። ያኔ «ጋሼ፣ ስም ሲያወጡ ለሠሪውም ማሰብ ነው እኮ፤ ያለኝን አምፖል ሁሉ ጨረሰው» ብሎ አስቋቸው ነበር። የልጅቷ አርባ ትናንት ወጣ። መናኸሪያው በር ላይ የሚነግዱት እናቷ ስሙ በበራ ቁጥር ደረታቸውን ስለሚደቁ ዛሬ ሊነቀል ነው።

«ሳትቆርጠው አንዴ ፍሬኑን ያዝልኝ» አሉት።

«ምን ያደርግልዎታል? እንደሚሠራ የመሐል ሜዳ ከተማ ሰው በሙሉ ያውቃል።»

«እኔ አላውቅማ! ፍሬን የምይዘው እኔ፣ ከኋላ ቆማ ‹አባዬ፣ በራ!› የምትለኝ እሷ። መቼ አይቼው?»

ምንተስኖት የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፍሬኑን ረገጠ። ጋሼ ይታየው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ዞሩ። የጠዋቱ ጉም ከመኪናው ኋላ ቀላ። ቆየ፤ እግሩም መዛል ጀመረ።

«ጋሼ፣ ልልቀቀው?»

መስታወቱ በጋቢ ጫፍ ሲጠረግ ብቻ ተሰማው፤ ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል። ምንተስኖት መቁረጫውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና በሁለት እግሩ ረገጠ።