ደረጃ የሌለው ቤት

የዓለም ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ አርክቴክቱ ኦታካር በብርኖ ከተማ የሚሠራቸው ቤቶች የሰው መሳቂያ ነበሩ። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳቸው ነጭ፣ ጌጥ የሚባል ነገር ያልነካቸው። «በረዶው በየት ሊወርድ ነው?» ይላል አንዱ። «ይኼ ሆስፒታል ነው እንጂ ቤት ነው እንዴ?» ይላል ሌላው። ሚስቱ ዝደንካ ግን በባሏ ሥራ ስቃ አታውቅም። የአንድ አዲስ ቤት ንድፍ መሳቢያው ውስጥ ያገኘች ዕለትም አልሳቀችም፤ አለቀሰች።

ኦታካር በየንድፉ ጥግ የአሠሪውን ስም ይጽፋል፤ ልማዱ ነው። በዚህኛው ላይ የስሙ ቦታ ባዶ ነበር።

እህቷ ቦዤና የፕሪም ኬክ ይዛ መጣችና ንድፉን አገላብጣ አየችው።

«ማክሰኞ ኮረብታው ላይ ከግንበኞች ጋር አየሁት ብዬሽ አልነበር? ይኸውልሽ! አልጋው ከመስኮቱ ሥር። ተኝታ አትክልቱን ልታይ ነዋ፣ እመቤቲቱ!»

«ደረጃ የለውም» አለች ዝደንካ።

ኦታካር ደረጃ ላይ እጁ የተባረከ ነው፤ የሚስቁበት እንኳ ደረጃውን ያደንቁለታል። እዚህ ግን ከታች እስከ ሰገነቱ የተዘረጋ ተዳፋት መንገድ ብቻ ነበር፤ በጎኑ የብረት መደገፊያ አለው።

«ደረጃ መውጣት የሚደክማት ልዕልት አግኝቶ ነዋ! ባለ ተረከዝ ጫማዋ እንዳይሰበርባት!»

ዝደንካ ልትስቅ ስትል ሲኒው ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አለች ቦዤና ስብርባሪውን እየለቀመች። «ልብ ሲቃጠል እጅ አይታዘዝም።»

ሐኪሙም ከዚህ የተለየ አልነገራት። «ድካም ነው፤ ዕረፍት ያድርጉ» ብሎ ካሰናበታት በኋላ፣ እንደ ሐኪሞች ወግ ባልየውን ለብቻው አስቀርቶ ብዙ አዋራው። «ምን አለህ?» ብትለው፣ «ጉበት አብላት አለኝ» አላት ኦታካር።

ማታ እራት ላይ ጠየቀችው።

«ኮረብታው ላይ የምትሠራው ቤት የማን ነው?»

«የአንድ ደንበኛ።»

«ሴት ናት?»

ኦታካር ሹካውን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዝደንካዬ፣ እባክሽ አሁን አትጠይቂኝ።»

በእሷ ቤት ያ እንባ የጥፋተኛ እንባ ነበር። በማግስቱ ደግሞ በሠርጓ ሰሞን በገዛ እጇ የጠለፈችው ትራስ ከሶፋው ላይ ጠፋ። ይኼስ ግፍ ነው። ያቺ ሴት ባሏንስ ትውሰድ፤ ትራሷን ምን ላድርገው ብላ ነው?

ቅዳሜ በትራም ወደ ኮረብታው ወጣች። ስትወርድ ግራ እግሯ ተጎተተና ትኬት ቆራጩ ደገፋት። ጫማውን የሰፋላትን ሰውዬ ረገመችው።

ግንበኞቹ ምሳ ሄደዋል። በሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስገባል፤ ደፍ እንኳ የለውም። ገባች። ቤቱ በብርሃን ተሞልቷል፤ ከትልቁ መስኮት ማዶ የፖም ዛፎች ይታያሉ። ቆንጆ ቤት ነው። ይበልጥ ያንገበገባትም ቆንጆ መሆኑ ነው።

ንድፉ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። የዚያችን ሴት ስም ልታይ ተጠጋች። ባዶው ቦታ አሁን ተሞልቷል፤ በኦታካር ቀጭን ጽሕፈት «ለባለቤቴ ለዝደንካ» ይላል።

ለካ ያን ሁሉ ቀን የቀናችው በገዛ ራሷ ላይ ነበር! እየሳቀችም እያለቀሰችም ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ኦታካርን ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቀው እያሰበች የምትቀመጥበት ፈለገች።

ቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ የጠፋው ትራሷ ተደርጎበታል፤ በግራና በቀኙ ትልልቅ ጎማዎች አሉት።