ዝም ያለው ማራገቢያ

"አንተ... የላክህልኝ ድምፅህን ነው ወይስ ወፍጮ ቤት ገብተህ ነው የቀዳኸው?!"

አለቃው ነው በስልክ የሚጮኸው።

ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለማስታወቂያ ድምፁን እየቀዳ የሚተዳደር ነው።

ድምፁስ ማር ነው እናንተዬ! ጠላቱ ኮምፒውተሩ ነው እንጂ...

ሥራ ይፍጠንልኝ ብሎ ፍጥነቱን ከልኩ በላይ ለጠጠው... ማሽኑ ጋለ... የሚያቀዘቅዘው የውስጥ ማራገቢያ እንደ አውሮፕላን ልነሳ ልነሳ ይላል!

ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል። ከመጋረጃው ወዲህ እሱ... ወዲያ እናቱ።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። አምና ደረቷን ታማ በስንት መከራ ነው የተነሳችው። ሐኪሙም "ሳሉ ከተመለሰ አንድ ቀን እንዳታሳድራት!" ብሎታል።

እሱም ጠዋት ማታ ይጠይቃታል...

"እማዬ፣ ሳሉስ?"

"ሂድ ወደዛ! እኔ እንደሆንኩ ብረት ነኝ!"

ማራገቢያውን ልቀይር ነው ሲላት ግን ፊቷ ጠቆረ።

"ምን አደረገህ? እኔ እንደሁ ለምጄዋለሁ..."

"እንጀራዬን ሊዘጋብኝ ነው እኮ እማዬ!"

የስፌት ሜትሯን ተውሶ የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ የኬዙን ስፋት ለካና ሱቅ ሄደ።

ሻጩ ቀልደኛ ነው...

"ትንሽ ማራገቢያ እንደ ትንሽ ውሻ ናት ወንድሜ፣ መጮህ ብቻ! ይሄን ትልቁን ውሰድ። የመዳብ ቱቦው ሙቀቱን ይስባል፣ ሰፋፊዎቹ ማራገቢያዎች ቀስ ብለው ይዞራሉ። ብቻ ረጅም ነው፣ የኬዝህ ክዳን እንቢ እንዳይልህ!"

"ለክቻለሁ!"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የዝንብ ክንፍ ትሰማለህ!"

ወሰደ... ገጠመ... አበራ...

ጸጥ!

"እማዬ! ስሚማ!"

"ምኑን?"

"ምንም የለም እኮ!"

እሱ በሳቅ ሊሞት ነው... ከመጋረጃው ወዲያ ግን ድምፅ የለም።

የማስታወቂያውን ሙዚቃ በማዳመጫ እየሰማ ድምፁን ቀዳ። ከደስታው ብዛት መልሶ እንኳን ሳያዳምጥ ላከው።

አለቃው ደወለ።

"ጎበዝ! እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል! ግን... ከኋላህ የሚስለው ማነው?"

ልጁ ከፍቶ ሰማው...

ታፍኖ ታፍኖ ያመለጠ ሳል።

ሮጦ መጋረጃውን ገለጠ። እናት ትራሱን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች...

"እማዬ! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆየ ልጄ... ማሽንህ እስኪጮህ እየጠበቅኩ ነበር የምስለው። ሥራህን ጥለህ እኔን ይዘህ እንዳትንከራተት ብዬ... አሁን የት ልደበቅ?"

ሐኪም ቤት አደረሳት...

ሐኪሙ የደረቷን ፎቶ ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አየው... ወደ ልጁ ግን ቶሎ አልዞረም።

"ምነው ቀደም ብላችሁ..." አለና ተወው።

"ከእንግዲህ የምናደርግላት የለም፣ ቤቷ ትሁን" ተባለ። በቃ።

ይኸው አሁን ማሽኑን ነቅሎ፣ መጋረጃውን አውልቆ፣ ጀርባዋን እየደገፈ አጠገቧ ይውላል።

እሷ እቴ... ዛሬም አልተወችም!

"ደህና ነኝ አልኩህ እኮ! ተነስ ሥራህን ሥራ!"

ወገኖቼ... እናት "ደህና ነኝ" ስትላችሁ ቃሏን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። በቤቱ ያለውን ጩኸት ሁሉ አጥፉና ትንፋሿን ስሙ።

እናንተስ... እናታችሁ የደበቀቻችሁን ሕመም በምን አወቃችሁ? ደረሳችሁላት ወይስ አመለጣችሁ? እዚህ ስር ጻፉልኝ፣ አንድ ሳላስቀር አነባለሁ።