በባልዲው ላይ የተጻፈው

ስለሺ የግቢውን በር ከፍቶ ሲገባ መዲና ከባልዲው በጣሳ የቀዳችውን ውሃ ወደ አፏ እያስጠጋች ነበር። ዘሎ ጣሳውን ከእጇ መታው።

«ጠጣሽ?»

«ገና ነኝ፤ ምነው ወንድሜ?» አለች ደንግጣ። «ፍየሌን አስቀድሜ አጠጥቼ፣ በጠጡን ጉድጓድ ውስጥ ስጨምር ነው የቆየሁት።»

መዲና በየሳምንቱ ለአትክልቱ አንድ ጆንያ የፍየል በጠጥ ታመጣለች፤ እሱም በለውጡ በዚህ ባልዲ የሚጠጣ ውሃ ሞልቶ ከቲማቲሙ መደብ አጠገብ ያስቀምጥላታል። ዛሬ ግን ነገ የምትመጣ መስሎት፣ ሥራ ከመሄዱ በፊት በዚያው ባልዲ ዩሪያ ማዳበሪያ በጥብጦ ነበር። በሚሠራበት የውሃ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ አስቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ እዚህም በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ «መርዝ ነው፣ አይጠጣም» ብሎ ጽፎበታል።

አጠገቧ የቆመችው ፍየል ተንቀጠቀጠች፤ ጉልበቷ ከዳትና ሆዷ እንደተነፋ በጎኗ ወደቀች። ከድርቁ የተረፈቻት አንዲት ፍየል ነበረች። ስለሺ የማዳበሪያውን መርዝ እንዲያበርድላት ከወጥ ቤት አቼቶ አምጥቶ አፏ ውስጥ ቢያንቆረቁርም ተመልሶ ፈሰሰ። እግሯ አንዴ ተወራጨና ቀረ።

«እንዴት አላየሽም?» አለ፣ በአቼቶው ጠርሙስ ባልዲውን እያመለከተ። «ይኸው ተጽፏል እኮ።»

መዲና የፍየሏን ራስ ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀዮቹን ፊደሎች በጣቷ ዳሰሰች።

«አይቻለሁ» አለች። «እስከ ዛሬ አልነበረም። ስሜን የጻፍክልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»