የፈትለወርቅ ድምፅ

የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዋ ማስተዋል የቃለ መጠይቅ ፈተናዋ ለነገ ስለሆነ፣ ምስር እየለቀሙ ባሉት እናቷ ላይ ልትለማመድ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። በዚያ ዘመን ማኅበራዊ ሠራተኛ በራሱ ድምፅ አይጠይቅም። አንገቱ ላይ የሚያስረው ቀጭን ጥብጣብ፣ ተጠያቂው ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚያምነውን ሰው ድምፅ ያወጣለታል።

ጥብጣቡን አንገቷ ላይ ስታስር የራሷ ድምፅ እንደሚወጣ አልተጠራጠረችም። አሥራ ሁለት ዓመት እናቷን ያስታመመች እሷ ናት።

"እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?" አለች፣ ክፍል ውስጥ እንደተማረችው ዝግ ብላ።

የወጣው የእህቷ ድምፅ ነበር፤ ጅማ ተቀምጣ በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ ብቻ የምትደውለው የፈትለወርቅ።

እናቷ ሰፌዱን አስቀመጡ። ማስተዋል ስታናግራቸው አንድም ቀን ሰፌድ አስቀምጠው አያውቁም።

"ፈትልዬ፣ መቼ ገባሽ ልጄ?"

ማስተዋል ደሟ ፈላ። "እኔ ነኝ" ልትላቸው፣ ጥብጣቡን ልትበጥስ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች።

"ዓይኔ ከድቶኛል" አሉ እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጠጠሩን ከምስሩ መለየት ካቃተኝ ሁለት ወሬ።"

ማስተዋል ሁለት ወር ሙሉ፣ ወጥ ውስጥ ጠጠር በነከሰች ቁጥር ስትነጫነጭባቸው ከርማለች።

"ለማስተዋል ግን እንዳትነግሪያት። እሷ እንዳንቺ አይደለችም፤ ከሰማች ትምህርቷን ጥላ እኔን ስትጠብቅ ትቀመጣለች።"

እጇን ከአንገቷ አወረደች። ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጠጠሩን መልቀም ጀመረች።

"አልነግራትም፣ እማዬ" አለች።

ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ፤ የእሷ አልነበረማ።