የወተት ጀሪካን

ጀሪካኑን ከማንሳቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። አሁን አሸዋ ቢሞላበትም፣ ከሀርሺን ይመጣበት የነበረው የግመል ወተት የጭስ ሽታ አልለቀቀውም። ልጅ ሳለ እናቱ ወደ ጅግጅጋ ገበያ ከመውጣቷ በፊት «ጠጣ፣ ክንድህ ይፈርጥም» እያለች በጣሳ ሞልታ ትሰጠው ነበር።

ኩላሊቱ ከታመመ ወዲህ ግን ሐኪሙ ሥጋውንም ወተቱንም መጠነበት። የከሳ ክንዱን ለማጠንከር የተፈቀደለት ቀስ እያለ ክብደት ማንሳት ብቻ ነበር። እናቱ ለልጇ ጎደሎ ጣሳ መስጠት ከበዳት፤ በሰጠችው ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

ክዳኑን ገጥሞ ጀሪካኑን ሲያነሳ ከትናንቱ ከበደው። ዞር ቢል እናቱ በሩ ላይ ቆማለች። ያቺን የወተት ጣሳ ይዛለች፤ የጣሳዋ አፍ ላይ አሸዋ ተጣብቋል።

«ሆዮ፣ አንቺ ነሽ ያከበድሽው?» ሲል እናቱን ጠየቃት።

«ትንሽ ጨመርኩልህ» አለችው።