የስምንት ደቂቃ ጣሪያ

የሕንፃው በር ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «8» ይላል። ሕንፃው ቢቃጠል ጣሪያውን የተሸከሙት ብረቶች ሳይወድቁ የሚቆሙት ስምንት ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ደጋፊ ግቢ መድረስ ያልቻለ ሰው እዚህ መኖር አይፈቀድለትም፤ ነዋሪው ሁሉ በየዓመቱ ይፈተናል።

ወንድይፍራውና ሚስቱ አልጋነሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ለዘንድሮው ፈተና ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረጃውን ሲለማመዱ፣ የሚያዘገየው እሱ ሆኖ ተገኘ። በየመታጠፊያው ቆም ብሎ ወደ ኋላ ያያታል።

«አትዙር» አለችው ዛሬም ጠዋት፣ የጫማውን ክር እያሰረችለት። «ከዞርክ ቤቱን አጣነው ማለት ነው።»

ከግቢ ፈተናውን የምትመራው ተቆጣጣሪ ፊሽካ ተሰማ። ወንድይፍራው የደረጃውን ብረት ይዞ ፊት ፊት ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ከበላዩ የሆነ ነገር ዷ ብሎ ወደቀ።

«ወንዴ» አለች አልጋነሽ፤ አንዴ ብቻ።

እግሩ ቆመ። ከዚያ መውረዱን ቀጠለ።

«ሰባት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። አልፈዋል፣ አባት» አለችው ተቆጣጣሪዋ ግቢ ሲደርስ። እሱ ዓይኑን ከደረጃው አልነቀለም። ስምንት ደቂቃው ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው አልጋነሽ ወደ ግቢው ወጣች፤ አንድ እግሯ ባዶውን ነው፣ ክርኗ ይደማል።

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታች። «ለአንድ ዓመት ተፈቅዶላችኋል።»

ወደ ቤት ሊመለሱ ሲሉ ወንድይፍራው እንደ ልማዱ ክንዱን ዘረጋላት።

«ጎበዝ፣ አልዞርክም» አለችው፤ ከልቧ ነው። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዛ ብቻዋን መውጣት ጀመረች።